አባዬ አሚዮዳሮን ተጀመረለት፤ የምታውቁት እስቲ ንገሩኝ

የበኩር ልጅ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ረዘም ስላለ ይቅርታ፤ ማንን እንደምጠይቅ ግራ ገብቶኝ ነው።

አባዬ 68 ዓመቱ ነው። የልቡ ምት ከተዛባ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሐኪሞቹ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። የላይኛው የልብ ክፍል በወጉ መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል ብለው ነው ያስረዱን። እስካሁን የልብ ምት የሚያዘገየውን ቢሶፕሮሎልና ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ነበር የሚወስደው። ባለፈው ወር ግን ልቡ እየተነሳበት እንቅልፍ አጣ። ደረቱን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳለ ነው የሚነጋለት። ባለፈው ሐሙስ የልብ ሐኪሙ አሚዮዳሮን ጨመሩለት። ባለ 200 ሚሊግራሙን። የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በቀን አንድ።

ችግሩ የመጣው ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ካነበብኩለት በኋላ ነው። ሳንባ፣ ጉበት፣ ታይሮይድ፣ ዓይን፣ ቆዳ። ያልተጠቀሰ የሰውነት ክፍል የለም። አባዬ መነጽሩን አወለቀና "ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከሚያመጣብኝ ልቤ እንዳሻት ትምታ" አለኝ። ትናንት ማታ ክኒኑን አልዋጠም። ዛሬ ጠዋት ለምኜ ነው ያዋጥኩት።

መጠኑ መጀመሪያ በዝቶ ኋላ የሚቀንሰው ለምንድነው? አንድ ፍሬ ቢረሳ ምን እናድርግ? ከዋርፋሪኑ ጋር ይስማማል ወይ? ደግሞስ ወረቀቱ ላይ ካለው ሁሉ የትኛውን ነው እኔ ነቅቼ መከታተል ያለብኝ? ለዓመታት የወሰዳችሁት ካላችሁ እባካችሁ ተናገሩ። የምትጽፉትን ለአባዬ አነብለታለሁ።

ከመደርደሪያው ጀርባ (ሰኞ ማታ)

አይዞህ ወንድሜ። ፋርማሲስት ነኝ። ይህን መድኃኒት ለብዙ ሰው ሰጥቻለሁ፣ ከብዙ ሰው ጋርም ስለሱ ቁጭ ብዬ አውርቻለሁ። የአባትህን ፍርሃት አልንቀውም። አሚዮዳሮን ጠንካራ መድኃኒት ነው። የልብን ምት በማረጋጋት በኩል ከሚታወቁት ሁሉ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ክትትል የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

መጠኑ መጀመሪያ ለምን ይበዛል ላልከው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው መድኃኒት ደም ውስጥ ገብቶ ሥራውን ሠርቶ በሰዓታት ወይም በቀናት ይወጣል። አሚዮዳሮን ግን ስብ ይወዳል። ስብ ውስጥ፣ ጉበት ውስጥ፣ ሳንባ ውስጥ እየገባ ይቀመጣል። ሰውነትን እንደ ትልቅ በርሜል አስበው። በርሜሉ እስኪሞላ ድረስ ለልብ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በብዛት ይሞላል፣ ከሞላ በኋላ የጎደለውን ብቻ መተካት ይበቃል። ሲያቆሙትም እንደዚያው ነው። በሰውነት ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ በአማካይ ወደ ሁለት ወር ይፈጃል። አንዳንዱ ሰው ላይ ከዚያም ይረዝማል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አንድ ፍሬ ተረሳ ተብሎ ዓለም አይገለበጥም። ቶሎ ካስታወሱ ይውሰዱት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ያለፈውን ይዝለሉትና በመደበኛው ይቀጥሉ። ሁለት አንድ ላይ መዋጥ የለም። ሁለተኛ፣ አባትህ "ዛሬ ልተወው" ቢሉ ሰውነታቸው ውስጥ ያለው መድኃኒት ለሳምንታት እዚያው ነው። በአንድ ማታ መዝለል ከጎንዮሽ ጉዳቱ አያመልጡም። የልባቸው መረጋጋት ግን ይዘገያል።

ከምግብ ጋር ወይም ያለ ምግብ መውሰድ ይችላሉ፤ አንዱን ይምረጡና በዚያው ይጽኑ። ምግብ ሲኖር ወደ ደም የሚገባው መጠን ስለሚጨምር አንድ ቀን እንዲህ፣ አንድ ቀን እንዲያ ማድረግ ጥሩ አይደለም። ሆድ የሚያቅለሸልሻቸው ከሆነ ከምግብ ጋር ይሻላቸዋል። ግሬፕፍሩትና ጭማቂው ግን ይቅርባቸው። የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል።

አሁን እኔን ያስጨነቀኝን ልጠይቅህ። አሚዮዳሮኑ ሲጨመር የዋርፋሪኑ መጠን ተነካ? ቀጣዩ የአይኤንአር (ደም ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው) ምርመራስ መቼ ነው?

የበኩር ልጅ (ሰኞ ማታ)

እግዜር ይስጥልኝ። የበርሜሉን ነገር አሁኑኑ ነገርኩት፤ "እንደዚያ ቢሉኝ ኖሮ መች እምቢ እል ነበር" አለኝ።

ዋርፋሪኑን ማንም አልነካውም። የመጨረሻው አይኤንአር ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፣ 2.4 ነበር። ቀጣዩ ቀጠሮ ከወር በኋላ ነው። አዲሱን መድኃኒት ያዘዙት የልብ ሐኪሙ ናቸው፤ ዋርፋሪኑን የሚከታተለው ደግሞ ሌላ ክሊኒክ ነው። እነሱ አዲስ መድኃኒት መጀመሩን የሚያውቁም አይመስለኝም።

ከመደርደሪያው ጀርባ (ሰኞ ማታ)

ነገ ጠዋት፣ ሌላ ሥራ ሳትጀምር፣ የዋርፋሪኑ ክሊኒክ ደውል። "አባቴ ባለፈው ሐሙስ አሚዮዳሮን ጀምሯል" በላቸው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። የገባው ባለሙያ ወዲያው ነው የሚጠራችሁ።

ምክንያቱን ልንገርህ። አሚዮዳሮን ጉበት ዋርፋሪንን የሚሰባብርበትን መንገድ ይዘጋል። ዋርፋሪኑ ሳይሰባበር ይከማቻል፤ ደም ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ለአባትህ ዓይነት ሕመም የሚፈለገው አይኤንአር በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ነው። አሚዮዳሮን ሲጨመር የብዙ ሰው ዋርፋሪን ከሲሶ እስከ ግማሽ መቀነስ አለበት። ደግሞ በአንድ ቀን የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ለሳምንታት ቀስ እያለ ነው ከፍ የሚለው። ዛሬ ተለክቶ ደህና ቢሆን የዛሬ ሦስት ሳምንት ደህና ይሆናል ማለት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ በየሳምንቱ መለካት ያስፈልጋል፤ ወር ተኩል ወይም ሁለት ወር ያህል።

ራሳችሁ ግን አትቀንሱት። መጠኑን የሚወስነው የደም ውጤቱን ያየ ሰው ነው። እስከዚያ ድድ ሲደማ፣ ነስር አልቆም ሲል፣ ሳይመታ ሲበልዝ፣ ሽንት ሲቀላ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ካየህ ቀጠሮ አትጠብቅ። ጭንቅላታቸውን ከተመቱም ምንም ባይሰማቸው ሐኪም ቤት ውሰዳቸው።

ደግሞ ለወገብ ይሁን ለጉልበት ብለው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይውጡ። ከዋርፋሪን ጋር ጨጓራ ያደማሉ።

ስድስት ዓመት አብሬው (ማክሰኞ ጠዋት)

ለአባትህ ይህን አንብብላቸው። እኔ 61 ዓመቴ ነው፤ አሚዮዳሮን ስወስድ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የእኔ የልብ ምት መዛባት ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሳው ነው፤ ብዙ ጊዜ ራሴን ስቼ ወድቄያለሁ። ይህ ክኒን ከተጀመረልኝ ወዲህ አልወደቅኩም። ደረጃ እወጣለሁ፣ እሠራለሁ፣ የልጅ ልጆቼን አቅፋለሁ።

የጎንዮሽ ነገር አልነካኝም ማለት ግን አልችልም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ድካም ድካም ይለኝ ጀመር። ሰው ሁሉ ሹራቡን ሲያወልቅ እኔ እደርባለሁ። ክብደት ጨመርኩ፣ ሆዴ ደረቀ፣ ነገር መርሳት አበዛሁ። ዕድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ናት "ይሄ እንኳን ዕድሜ አይደለም" ብላ የወሰደችኝ። ደሜ ሲመረመር አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢዬ ሥራ ቀንሷል። የታይሮይድ ሆርሞን በክኒን ታዘዘልኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሰው ሆንኩ። አሚዮዳሮኑን አላቆሙብኝም።

ሐኪሜ ሲያስረዱኝ ነገሩ አዮዲን ነው አሉ። ከአሚዮዳሮን ክብደት ከሲሶ በላይ የሆነው አዮዲን ነው። አንዷ ባለ 200 ሚሊግራም ክኒን ውስጥ 75 ሚሊግራም ያህል አዮዲን አለ። ሁሉም አይለቀቅም፤ ግን በየቀኑ ወደ 6 ሚሊግራም ነጻ ይወጣል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 0.15 ሚሊግራም ነው። አስቡት፣ አርባ እጥፍ! ታይሮይድ እጢ ደግሞ የሚሠራው በአዮዲን ነው። እንዲህ ሲጎርፍበት አንዱ ሰው ላይ ይዘጋል፣ ሌላው ላይ ከልክ በላይ ይሠራል።

ከልክ በላይ መሥራቱን ይበልጥ ተጠንቀቁ። ክብደት ይቀንሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ደህና የነበረ ልብ እንደገና ይነሳል። ብዙ ሰው "መድኃኒቱ መሥራት አቆመ" ይላል። አንዳንዴ ግን ታይሮይዱ ነው ልቡን የሚጋልበው።

ከመጀመራቸው በፊት የታይሮይድና የጉበት ምርመራ፣ የደረት ራጅና ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት የሚያወጣው ምርመራ) ተደርጎላቸው እንደሆነ ጠይቅ። ከዚያ የታይሮይድና የጉበቱ በየስድስት ወሩ ይደገማል። እኔ ቀኑን የማልረሳው የልደቴ ወር ላይና ከልደቴ ስድስት ወር በኋላ ስለማደርገው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ፀሐይ። አንድ ቀን ረጅም መንገድ ነዳሁ። መስኮቱ ተዘግቷል። ማታ ሳየው ግራ እጄ፣ በመስኮቱ በኩል የነበረው፣ እንደ ተቀቀለ ቀልቷል። ቀኝ እጄ ምንም የለውም። ቆዳን የሚጎዳው ጨረር በመስታወት ያልፋል ለካ። ከዚያ ወዲህ ረጅም እጅጌ፣ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከቤት ሳልይዝ አልወጣም።

ዝምታዬን ልስበር (ማክሰኞ ቀትር)

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ይህን ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናቴ አሚዮዳሮን ለሦስት ዓመት ወስዳለች። ልቧ ደህና ሆኖ ነበር። አንድ ጊዜ ደረቅ ሳል ያዛት። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው። ጉንፋን ነው አልን። ሁለት ሳምንት ሆነ፣ አልለቀቀም። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ የሳል ሽሮፕ ሰጧት። ተመልሰን ሄድን፤ አንቲባዮቲክ ሰጧት። እንደገና ሄድን፤ ሌላ አንቲባዮቲክ። በሦስቱም ጊዜ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ የጠየቀን አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። የልብ መድኃኒት ከሳል ጋር ምን አገናኘው ብዬ።

እናቴ ቤታችን ሲገቡ ያሉትን አሥራ አንድ ደረጃዎች አንድም ቀን ቆማባቸው አታውቅም ነበር። አንድ ማታ አራተኛው ላይ ቆመች። መደገፊያውን ያዘችና "ቆይ እስቲ" አለችኝ። ትንፋሽዋ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። ያቺ አራተኛ ደረጃ ናት ያነቃችኝ። በማግስቱ ትልቅ ሐኪም ቤት ሄድን። አንዲት ወጣት ሐኪም የመድኃኒቷን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችና አንድ በአንድ አነሳቻቸው። አሚዮዳሮኑ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ሲቲ ስካን ተነሳች። ሳንባዋ በመድኃኒቱ ተቆጥቷል። አሚዮዳሮኑ በዚያው ቀን ቆመ፣ ቁጣውን የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ተጀመረላት። መድኃኒቱ ከሳንባ ቶሎ ስለማይወጣ ስቴሮይዱን ለወራት ነው የወሰደችው። አሁን እናቴ አለች፣ ተመስገን። ግን ደረጃውን እንደ ድሮ አትወጣውም።

ወንድሜ፣ መድኃኒቱን ጥሉት አልልህም። እናቴን ለሦስት ዓመት ያኖራት እሱ ነው። የምልህ አዲስ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር በመጣ ቁጥር፣ ጉንፋን ቢመስልም፣ በመጀመሪያው ቃልህ "አሚዮዳሮን ይወስዳል" በል። የትም ብትሄድ፣ ባይጠይቁህም።

ተፈጥሮ ይሻላል (ማክሰኞ ከሰዓት)

ይኸው! ለዚህ ነው እኔ የማላምንባቸው። አጎቴ ይህንኑ ነበር የሚወስደው። ከአንድ ወር በፊት በራሱ አቆመው። እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም። ልቡም ደህና ነው፣ እንደውም ቀለል ብሎታል። አባትህም ቢያቆም ነው የሚሻለው።

ከመደርደሪያው ጀርባ (ማክሰኞ ማታ)

ወንድሜ፣ ለአጎትህ አስበህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ይህን ምክር የሚያነብ ሌላ ሰው ስላለ በግልጽ ልመልስ።

አጎትህ ደህና የሆኑት መድኃኒቱ ስለማያስፈልጋቸው ላይሆን ይችላል። ከአንድ ወር በኋላም አብዛኛው መድኃኒት እዚያው ሰውነታቸው ውስጥ ነው ያለው። ያቆሙት ክኒን ነው አሁንም ልባቸውን ይዞላቸው ያለው። በርሜሉ ሲጎድል፣ በሁለተኛው ወይም በአራተኛው ወር፣ ልባቸው ሊነሳ ይችላል። ያኔ ሁሉም ሰው ማቆማቸውን ረስቶታል። እባክህ ለሐኪማቸው እንዲነግሩ አድርግ። ማቆም ካለባቸው እንኳ የሚያቆምላቸው ሰው በምትኩ ምን እንደሚሰጥ ያውቃል። ከዚያም በላይ ካቆሙ በኋላ የታይሮይድ ክትትሉ ለወራት ይቀጥላል፤ ጉዳቱ ከቆመም በኋላ ሊመጣ ስለሚችል።

እንደ ቢሶፕሮሎል ያሉትን ደግሞ በድንገት ማቆም ከዚህም የባሰ ነው። እነሱ ቶሎ ነው የሚወጡት፣ ልብም በአንዴ ይፈረጥጣል።

የሌሊት ተረኛ (ማክሰኞ ሌሊት)

የልብ ክፍል ነርስ ነኝ። የበኩር ልጅ፣ ምኑን ልከታተል ብለህ ነበር። አንድ ነገር ላስተምርህ፣ ከአባትህ ጋር በየጠዋቱ አድርጉት።

አባትህ አምስት ደቂቃ ተረጋግተው ይቀመጡ። መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጉት። ሌባ ጣትህንና የመሃል ጣትህን ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ አንጓቸው ላይ፣ ቀስ አድርገህ አሳርፍ። በአውራ ጣትህ አትለካ፤ የራስህን ትርታ ትቆጥራለህ። ትርታውን ስታገኘው አትጫነው። ከዚያ ሙሉ ስልሳ ሰከንድ ቁጠር። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለተስተካከለ ልብ ነው የሚሠራው። የተዛባ ልብ ለአሥራ አምስት ሰከንድ ይሮጥና ለቀጣዩ አሥራ አምስት ያዘግማል።

ቁጥሩን ጻፉት። አሚዮዳሮንም ቢሶፕሮሎልም ልብን ያዘገያሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይዘገያል። ከ50 በታች ከሆነ፣ በተለይ ማዞር ወይም ድካም ካለው፣ ለሐኪሙ ደውል። ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም መተንፈስ ካቃታቸው አትደውል፤ አስቸኳይ ክፍል ውሰዳቸው። ፊታቸው በአንድ በኩል ከወረደ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተወላገደ ያ ስትሮክ ነው። የጀመረበትን ሰዓት ያዝና ሩጥ። ሰዓቱን ይጠይቁሃል፣ ሕክምናውም በሰዓቱ ነው የሚወሰነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ተቅማጥና ትውከት። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው። አሚዮዳሮን ለሚወስድ ሰው ግን ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሲወርድ ልብ ወደ አደገኛ ምት ሊገባ ይችላል። የሚያሸና መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ከሆነ ይብሳል። ከአንድ ቀን ካለፈ ደም ይመርመሩ።

የእናቴ ልጅ (ረቡዕ ጠዋት)

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። እናቴ ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድኃኒት ለዓመታት ትወስዳለች። ባለፈው ወር አሚዮዳሮን ተጨመረላት። አሁን ሁለት ሳምንት ሆናት ምግብ አስጠልቷታል፤ ታቅለሸልሻለች። ትናንት ደግሞ "መብራቱ ለምን ቢጫ ሆነ?" አለችኝ። መብራቱ ነጭ ነው። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ከመደርደሪያው ጀርባ (ረቡዕ ጠዋት)

እህቴ፣ ይህን እንዳነበብሽ እናትሽን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። ዛሬውኑ። የሁለቱንም መድኃኒት ዕቃ ያዢ። የዛሬውን ዲጎክሲን ገና ካልዋጠች እስክትታይ ድረስ ይቆይ።

ዲጎክሲን የሚጠቅምበትና የሚመርዝበት መጠን በጣም ይቀራረባል። አሚዮዳሮን ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ዲጎክሲን ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ የዲጎክሲኑ መጠን በግማሽ የሚቀነሰው። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ነገር ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ መታየት የዲጎክሲን መብዛት ምልክቶች ናቸው። ኢሲጂ፣ የዲጎክሲን መጠን፣ ፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋታል። ሄደሽ ስትመለሺ ንገሪን።

የእናቴ ልጅ (ረቡዕ ማታ)

አሁን ገባን። የልቧ ምት 38 ነበር። ተኝታለች፣ መሣሪያ ላይ ናት። ዲጎክሲኑን አቁመውታል። ሐኪሙ "ጥሩ ሰዓት ላይ ደርሳችኋል" አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እግዚአብሔር ያክብርሽ እህቴ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ስድስት ዓመት አብሬው (ረቡዕ ማታ)

ተመስገን። እንባዬ መጣ።

ስለ ዓይን ስለተነሳ ልጨምር፤ እኔ ማታ ስነዳ በመብራት ዙሪያ ቀለበት አያለሁ። መጀመሪያ ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብዬ ነበር። የዓይን ሐኪሟ በመሣሪያ አይታ ዓይንህ ፊት ላይ ከመድኃኒቱ የመጣ ጥቃቅን ብናኝ አለ አለችኝ። ይህ ለረጅም ጊዜ የሚወስደው ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ይታያል፤ እይታን አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ድንገት የሚደበዝዝ ወይም ከፊሉ የሚጠፋ እይታ ግን ሌላ ነው። እሱ የዓይን ነርቭ ሊሆን ስለሚችል አያድርም።

ከመደርደሪያው ጀርባ (ረቡዕ ማታ)

ስለ ሌሎች መድኃኒቶች በግል የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልመልስ። ሁሉንም መዘርዘር አይቻልም። አዘውትሬ የሚገጥሙኝን ግን ልንገራችሁ። ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ሲምቫስታቲን ከአሚዮዳሮን ጋር በቀን ከ20 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ከበለጠ ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል። ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች፣ ፍሉኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት፣ አንዳንድ የወባና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ልብ ከአንድ ምት በኋላ ለቀጣዩ የምትዘጋጅበትን ጊዜ ያራዝማሉ። አሚዮዳሮንም ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ነው አደጋው። አፍንጫ የሚከፍት የጉንፋን ክኒንም ልብን ያስሮጣል።

ሌላው፣ እባካችሁ ለሰው አታጋሩ። "የልብ ምት መድኃኒት ነው" ስለተባለ ለጎረቤትም ይሆናል ማለት አይደለም። ፍሌካይናይድ የሚባል አለ፤ ጤነኛ ቅርጽ ላለው ልብ ጥሩ መድኃኒት ነው። ከሃርት አታክ (የልብ ደም ሥር ከተዘጋ) በኋላ ምታቸው የተዛባ ሰዎች ላይ በጥናት ሲሞከር ግን ምቱን አስተካከለ፣ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ግን መድኃኒቱን ካልወሰዱት በለጠ። በፈረንጆች 1989 ነው በዚህ ምክንያት ያ ጥናት በፍሌካይናይድ ላይ የቆመው። ከዚያ ወዲህ ነው ምቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ልቡ ላይም ምን አለ ብሎ ማየት የግድ የሆነው። የአባትህ ክኒን ለአባትህ ልብ የተመረጠ ነው።

ተፈጥሮ ይሻላል (ሐሙስ ጠዋት)

ሁላችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትናንት ማታ ለአጎቴ ደወልኩ። ካቆመ ወዲህ አንድም ቀን ትርታውን እንዳልለካ ነገረኝ። የሌሊት ተረኛ በጻፈችው መንገድ አብረን በስልክ ቆጠርን። 124። እሱ ምንም አልተሰማውም! ዛሬ ከሐኪሙ ጋር ነው። ያንን ጽሑፌን ላጠፋው ነበር፤ የተሰጠኝ መልስ ለሌላ ሰው ስለሚጠቅም ተውኩት።

የበኩር ልጅ (ዓርብ ማታ)

እንዴት ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። የሆነውን ልንገራችሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ደወልኩ። ያቺኑ ዓረፍተ ነገር አልኳቸው። ሴትዮዋ ትንሽ ዝም አለችና "ዛሬ አምጡት" አለችኝ። አይኤንአሩ 3.6 ገብቷል። ዋርፋሪኑን ቀነሱለት፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ እንዲመጣ ቀጠሮ ሰጡት። ትናንት ደግሞ የልብ ሐኪሙ ጋ ገባን። የታይሮይድና የጉበት ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ተደርጎ ነበር፤ ራጁ ግን አልተነሳም ነበር፤ ትናንት ተነሳ። ሐኪሙ አልተቆጡም። እንደውም ወረቀቴን ተቀብለው አንድ በአንድ መለሱልኝ።

ወረቀት ያልኩት አባዬ ራሱ የጻፈው ነው። የሚወስደውን ሁሉ በእጁ ጽፎ፣ አሚዮዳሮንን ሁለት ጊዜ አስምሮበት፣ አጥፎ ኪሱ ከትቶታል። አንዱን ቅጂ ለእኔ ሰጠኝ። "ወድቄ ብገኝ ይህን ያሳዩላቸው" አለ። መጀመሪያ ሆዴ ባባ። ኋላ ሳስበው ሦስት ቀን ሙሉ ክኒኑን ሳልለምነው ነው የዋጠው።

ዛሬ ጠዋት አንጓውን ይዤ ስልሳ ሰከንድ ቆጠርኩ። 66። እሱም በሌላ እጁ ሰዓቱን ይዞ ይጠብቃል። "ስንት?" አለኝ። ነገርኩት። ደብተሩን ሳበና ከትናንቱ ሥር ጻፈው።

የሌሊት ተረኛ (ዓርብ ሌሊት)

66 ደስ ይላል። ሰኞ የሁለተኛው ሳምንት መጠን ላይ ስትሆኑ የጠዋቱን ቁጥር እዚህ ጻፍልን። የእናቴ ልጅ፣ እናትሽስ እንዴት አደሩ?

የእናቴ ልጅ (ቅዳሜ ጠዋት)

58 ደርሷል። ዛሬ ቁርስ ጠየቀች። መብራቱንም ነጭ ነው አለችኝ።